ግሮኛር፥ የአንድ ቃል ታሪክ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ በሰፊው አስረድተዋል። እኔ የማቀርብላችሁ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ቃል ነው። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ «ግሮኛር» ይባላል። ትርጓሜው ሲነገር አጭር ነው፤ ብዙ ዘመን ያገለገለ፥ ብዙ ጦርነት ያየ፥ በመከራ የተፈተነ አሮጌ ወታደር ማለት ነው። ነገር ግን ቃሉ ወደዚህ ትርጓሜ የደረሰው በቀጥታ መንገድ አይደለም። በመጀመሪያ ስድብ ነበረ፤ በኋላ ክብር ሆነ። ስድብ እንዴት ክብር ሊሆን እንደ ቻለ፥ ክብሩም ምን ያህል እውነተኛ እንደ ሆነ መመርመር የዛሬው ንግግሬ አሳብ ነው። ይህን ቃል ለምን እንደ መረጥሁም እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱ የሚያኮራኝ ስላልሆነ ግን ወደ መጨረሻው አቈይቼዋለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ከቃሉ ሥር እንጀምር። «ግሮኛር» የተሠራው ከሁለት ክፍሎች ነው። የመጀመሪያው «ግሮኜ» ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን፥ እርሱም የላቲኖች «ግሩኒሬ» ልጅ ነው። ላቲኖች ይህን ቃል ያወጡት ከአሳማ ድምፅ ነው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ከአሳማው ወደ ሰው ተሻገረና አፉን ሳይከፍት በአፍንጫው የሚያጕረመርም ሰው በዚሁ ግሥ ይነገርለት ጀመር። ሁለተኛው ክፍል በመጨረሻ ያለው «አር» ነው። ይህ ደግሞ ላቲን አይደለም። ፈረንሳይን ድል አድርገው ስማቸውን ለአገሩ ከሰጡት ከፍራንኮች ቋንቋ የመጣ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ብርቱ፥ ጠንካራ ማለት ነበረ። ስለዚህ ቤርናር የሚለው ስም እንደ ድብ ብርቱ፥ ዤራር የሚለውም በጦር ብርቱ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ የጀግና ቅጥያ ከሰው ስም ወጥቶ ወደ ተራ ቃላት ሲገባ ምን እንደ ደረሰበት ተመልከቱ። አንድን ነገር ከመጠን በላይ የሚያደርገውን ሰው ለመናቅ ያገለግል ጀመር። ጉረኛው «ቫንታር» ተባለ፤ አልቃሻው «ፕለራር» ተባለ፤ ከጦር ሜዳ የሚሸሸው «ፉያር» ተባለ፤ ከሰልፍ ወደ ኋላ የሚቀረው «ትሬናር» ተባለ። «ግሮኛር» ከእነዚሁ ወንድሞች አንዱ ነው። ስለዚህ ከናፖሌዎን ዘመን በፊት ግሮኛር ማለት ሥራው ማጕረምረም የሆነ፥ ነጭናጫ ሰው ማለት ነበረ። ማንም ሰው ልጁን በዚህ ስም ሊጠራ አይወድም ነበር።

ይህ የንቀት ስም ወደ ጦር ሠራዊት የገባው በናፖሌዎን ቦናፓርት ጊዜ ነው። ናፖሌዎን በ1804 ንጉሠ ነገሥት በሆነ ጊዜ ይጠብቀው የነበረው ጦር የንጉሠ ነገሥቱ ዘብ ተባለ። በእኛ ቋንቋ ክብር ዘበኛ ብንለው አሳቡን ይገልጸዋል። ይህ ጦር እያደር በዛ፤ አሮጌው ዘብ፥ መካከለኛው ዘብና ወጣቱ ዘብ ተብሎም ተከፈለ። ከሁሉ የተከበረው አሮጌው ዘብ ነው። ወደ እርሱ ለመግባት ሰው ገንዘብ ወይም ዘመድ ቢኖረው አይጠቅመውም ነበር። ብዙ ዓመት ያገለገለ፥ በዘመቻ የተፈተነ፥ ቁመቱ የረዘመና ጠባዩ የተመሰከረለት መሆን ነበረበት። ከእነርሱም ግሬናዲየር የሚባሉት ከድብ ቆዳ የተሠራ ረዥም ቆብ ይደፉ፥ ሪዛቸውን ያሳድጉ፥ ብዙዎቹም በጆሯቸው የወርቅ ጉትቻ ያደርጉ ነበር። ደመወዛቸውና ቀለባቸውም ከሌላው ወታደር ይሻል ነበር።

ናፖሌዎን ይህን ጦር እንደ ውድ ዕቃ ይቈጥበው ነበር። ውጊያው ሲጀመር ሌሎቹ ይገባሉ፤ አሮጌው ዘብ ግን የመጨረሻው ሰዓት እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሌሎቹ ወታደሮች በቅናትም በፌዝም «የማይሞቱት» ይሏቸው ነበር። ዘቦቹ ግን በዚህ መቈጠብ ደስ አይላቸውም ነበር። በጥቅምት 1806 ናፖሌዎን በዬና ከፕሩስያ ጦር ጋር ሲዋጋ ክብር ዘበኛው እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበርና ከሰልፉ መካከል አንድ ድምፅ «ወደ ፊት!» ብሎ ጮኸ። ናፖሌዎንም ዘወር ብሎ፥ ይህን የሚለው ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ መሆን አለበት፤ ምክር ሊሰጠኝ ከመነሣቱ በፊት በ30 ጦርነቶች ላይ ያዝዝ ብሎ ገሠጸው። ይህን ነገር የሠራዊቱ የዜና ጽሑፍ ራሱ ለሕዝብ አውጥቶታል።

ከዬና በኋላ ሠራዊቱ ወደ ፖላንድ ገባ። የ1806 ታኅሣሥ ነው። በረዶው ይወርዳል፥ ይቀልጣል፥ መንገዱም ሁሉ ጭቃ ይሆናል። መድፍ የሚስቡት ፈረሶች እስከ ሆዳቸው ይሰምጣሉ። ወታደሮቹ ጫማቸው በጭቃው ውስጥ እንዳይቀር በገመድ ያስሩት ነበር፤ እግራቸውንም በሁለት እጃቸው እየነቀሉ ይራመዱ ነበር። ተስፋ ቈርጠው ራሳቸውን የገደሉም ነበሩ። ስንቅ ከኋላ ቀረ፤ በየመንደሩም የሚበላ አልተገኘም። አሮጌዎቹ ዘቦች በዚህ ጊዜ ማጕረምረም ጀመሩ። ስለ ጭቃው፥ ስለ ዳቦው፥ ስለ ጫማው፥ ስለ ደመወዙ አጕረመረሙ። ናፖሌዎንም ሰማቸው፤ ግሮኛር የሚለውንም ስም ያወጣላቸው በዚህ ዘመቻ ነው ተብሎ ይተረካል።

ከዚሁ ዘመቻ የተነገረ አንድ ትንሽ ታሪክ አለ። ወታደሮቹ ከፖላንድ ቋንቋ የተማሩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር ይባላል። አንደኛው «ህሌባ» ነው፤ ዳቦ ማለት ነው። ሁለተኛው ባላገሩ ሁልጊዜ የሚመልስላቸው «ኔማ» ነው፤ የለም ማለት ነው። አንድ ቀን ናፖሌዎን በፈረስ ሆኖ በሰልፉ አጠገብ ሲያልፍ አንድ ወታደር «አባባ፥ ህሌባ!» ብሎ ጮኸ። ንጉሠ ነገሥቱም ወዲያው «ኔማ!» ብሎ መለሰለት። ሰልፉ በሙሉ በሣቅ ፈረሰ ይባላል፤ ከዚያም በኋላ የጠየቀ የለም። ይህ ታሪክ ሲነበብ ያስቃል። ሆኖም ልብ ብለን ብናስበው የተራበው ሰው በሣቅ ተሸኘ እንጂ ዳቦ አላገኘም። ይህን ነጥብ እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው፥ የካቲት 8 ቀን 1807፥ በአይላው በበረዶ ማዕበል ውስጥ ታላቅ ጦርነት ሆነ። አንድ የሩስያ ጦር ናፖሌዎን ራሱ ወደ ቆመበት ወደ መቃብር ሥፍራው ቀረበ። በዚያን ጊዜ ከመካከል ገብተው በሳንጃ የመለሱት እነዚያው በጭቃው ውስጥ ሲያጕረመርሙ የከረሙት ግሬናዲየሮች ናቸው። እንግዲህ የቃሉ መለወጥ ምክንያት ይህ ነው። የሚያጕረመርመው ሰው በጭንቅ ሰዓት ከሥፍራው ካልታጣ፥ ማጕረምረሙ የነጭናጫነት ምልክት መሆኑ ይቀርና የአገልግሎቱ ምልክት ይሆናል። ብዙ መንገድ ያልሄደ ሰው ስለ መንገድ የሚያማርረው ነገር የለውምና።

ከእነዚህ ሰዎች የአንዱን ሕይወት በአጭሩ ልንገራችሁ። ስሙ ዣን ሮክ ኳኜ ይባላል። የተወለደው በ1776 በፈረንሳይ ገጠር ነው። በሕፃንነቱ ከቤት ወጥቶ እረኛና የፈረስ ጠባቂ ሆነ፤ ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ አልረገጠም። በ1799 ለውትድርና ተመለመለ፤ በሚቀጥለው ዓመት በኢጣልያ በሞንቴቤሎ ውጊያ አንድ መድፍ ማረከ። ከዚያ ወደ ክብር ዘበኛው ገባ፤ በ1804ም የሌዢዮን ዶኖር ኒሻን በመጀመሪያ ከተቀበሉት ወታደሮች አንዱ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንበብም መጻፍም አያውቅም ነበር። ለሹመት ፊደል ማወቅ ያስፈልግ ስለ ነበረ ዕድሜው ከ30 ካለፈ በኋላ በጦሩ ውስጥ ፊደል ቈጠረ፤ በመጨረሻም ሻምበል ሆነ። ይህ ሰው በስተርጅናው፥ ከ70 ዓመት ዕድሜው በኋላ፥ ያየውንና የደረሰበትን ሁሉ በደብተር ጻፈ። መጽሐፉ በ1851 እና በ1853 መካከል በኦሴር ከተማ ታተመ። እርሱ በ1865 ሞተ፤ ጽሑፉ ግን በ1883 እንደገና ታትሞ በመላው ፈረንሳይ ታወቀ። ስለ ፖላንድ ጭቃና ስለ ዘቦቹ ኑሮ ዛሬ የሚነገረው ብዙው ነገር ከዚህ ሰው ደብተር የተገኘ ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እኛ በሰባት ዓመታችን የተማርነውን ፊደል ይህ ሰው በሠላሳ ዓመቱ ባይማር ኖሮ እነዚያ ሁሉ ድምፆች ከባለቤቶቻቸው ጋር ተቀብረው በቀሩ ነበር።

የቀረውን የጦርነት ታሪክ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1812 ናፖሌዎን ከ400,000 የሚበልጥ ሠራዊት ይዞ ወደ ሩስያ ገባ፤ የተመለሰው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው። በዚያ ሽሽት ውስጥ ሌላው ጦር ሲበተን አሮጌው ዘብ ሰልፉን ጠብቆ ይሄድ እንደ ነበር ከጠላት ወገን የሆነው የሩስያ የፋኖ አለቃ ዴኒስ ዳቪዶቭ ጽፏል፤ ፈረሰኞቹ ዙሪያውን ቢከቡትም እንደ ታላቅ መርከብ በጀልባዎች መካከል አልፎ ሄደ ብሏል። ሚያዝያ 20 ቀን 1814 ናፖሌዎን ከዙፋኑ ወርዶ በፎንቴንብሎ ግቢ ዘቦቹን ሲሰናበት ሰንደቅ ዓላማቸውን ሳመ፤ ሪዛሞቹም አለቀሱ። ወደ ኤልባ ደሴት እንዲከተሉት የተፈቀደው 400 ወታደር ብቻ ሲሆን፥ የተከተሉት ግን ከዚያ ይበልጡ ነበር። ሰኔ 18 ቀን 1815 በዋተርሎ የመጨረሻውን ውጊያ ተዋጉ። በዚያ ቀን ጄኔራል ካምብሮን ዘብ ይሞታል እንጂ እጁን አይሰጥም ብሏል ተብሎ በዓለም ሁሉ ተወራ፤ እርሱ ራሱ ግን እንዲህ አላልሁም ብሎ ክዷል። ሰው ለሌላው አፍ ትልቅ ቃል መስጠት ይወዳል።

ከዋተርሎ በኋላ ጦሩ ተበተነ። ብዙ መኰንኖች ደመወዛቸው በግማሽ ተቈርጦ ወደየመንደራቸው ተላኩ፤ ስለዚህም «ባለ ግማሽ ደመወዝ» የሚል ስም ወጣላቸው። ፖሊስ ይከታተላቸው ነበር። ተራው ወታደር ደግሞ ወደ እርሻው ወይም ወደ ልመናው ተመለሰ። ትናንት የነገሥታትን ከተማ የረገጠ ሰው ዛሬ በመንደር መጠጥ ቤት ጥግ ተቀምጦ ያጕረመርማል፤ ልጆችም ይሥቁበታል። ግሮኛር የሚለው ስም ከዘቡ አልፎ በናፖሌዎን ዘመን የዘመተውን አሮጌ ወታደር ሁሉ የያዘው በዚህ ጊዜ ነው።

እያደር ግን ጊዜው ተለወጠ። በ1836 ሠዓሊው ኦጉስት ራፌ አንድ ሥዕል አሳተመ። በሥዕሉ ላይ ናፖሌዎን በዝናብ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ በፈረስ ይሄዳል፤ ከኋላው ዘቦቹ በጭቃ ይጓዛሉ። ከሥሩም ያጕረመርሙ ነበር፥ ሁልጊዜም ይከተሉት ነበር የሚል መግለጫ ተጽፎበታል። ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው ግሮኛር ሲባል በአሳቡ የሚመጣበት ይህ ሥዕል ነው። በ1840 የናፖሌዎን አስከሬን ከቅድስት ሄሌና ደሴት ወደ ፓሪስ ሲመጣ በሕይወት የተረፉት አሮጌዎች የቀድሞ ልብሳቸውን ለብሰው በታኅሣሥ ብርድ ተሰለፉ። በ1857 ሣልሳዊ ናፖሌዎን የቅድስት ሄሌና ሜዳይ የሚባል ሽልማት አቆመላቸው፤ ወደ 400,000 የሚደርሱ አሮጌ ወታደሮችም ተቀበሉት። በዚያው ዘመን አንዳንዶቹ በወታደር ልብሳቸው ሆነው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ፎቶግራፎቹ በአሜሪካ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እኔ ቅጂያቸውን አይቻለሁ። ልብሱ ሰፍቷቸዋል፤ ዓይናቸው ግን ገና ትእዛዝ የሚጠብቅ ይመስላል።

በ1900 ባለ ቅኔው ኤድሞን ሮስታን «ንስሩ ግልገል» በሚለው ተውኔቱ ፍላምቦ የሚባል አንድ ግሮኛር አቆመ፤ ቃሉም በመድረክ ላይ ከበረ። ዛሬ በፈረንሳይ አንድን መሪ ወይም ማኅበር ከጥንት ጀምሮ ያገለገለ፥ ሁልጊዜ የሚያማርር፥ ነገር ግን የማይከዳ ሰው ግሮኛር ይባላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ቃሉን ወስደውታል። በተለይም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በካርታ ላይ ጦርነትን እንደ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ከመካከላቸው የቈየውንና አዲሱን ነገር ሁሉ የሚነቅፈውን ተጫዋች በዚህ ስም ይጠሩታል። በበረዶ ውስጥ የተወለደው ስም በሞቀ ክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ዙሪያ ለሚቀመጥ ሰው መጠሪያ ሆነ ማለት ነው።

ፈረንሳይኛ ለአሮጌ ወታደር ሌሎች ስሞችም አሉት። «ቬተራን» ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ አሮጌ ማለት ነው። «ብሪስካር» የሚባለው በእጅጌው ላይ የአገልግሎት ምልክት ያለው ወታደር ነው። «አሮጌ ሪዝ» የሚልም አባባል አለ። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ደግሞ ወታደሩ «ፗሉ»፥ ጠጕራም፥ ተባለ። ከእነዚህ ሁሉ ግን አንዱም እንደ ግሮኛር የሰውየውን ድምፅ አልያዘም። ሌሎቹ የሚታይ ነገር ናቸው፤ ይህ የሚሰማ ነገር ነው።

እስከ አሁን የቃሉን ክብር ተናገርሁ። አሁን ግን ቀደም ብዬ አስታውሱልኝ ወዳልሁት ነጥብ እመለሳለሁ። ያጕረመርሙ ነበር፥ ሁልጊዜም ይከተሉት ነበር ማለት ምስጋና ነው ወይስ ወቀሳ? እነዚህ ሰዎች ስለ ዳቦና ስለ ጫማ አጕረመረሙ፤ ወደ ፖላንድ፥ ወደ እስፓኝ፥ ወደ ሩስያ ለምን እንደሚሄዱ የጠየቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ግንቦት 2 ቀን 1808 የማድሪድ ሕዝብ ለነጻነቱ ሲነሣ ከቀጡት መካከል የክብር ዘበኛው ፈረሰኞች ይገኙበታል፤ ሠዓሊው ጎያ በ1814 ይህን ሥሎታል። እነርሱ የተከተሉት መሪ በ1802 በፈረንሳይ ቅኝ አገሮች ባርነት እንደገና እንዲጸና ያደረገ ሰው ነው። ለአንድ አፍሪካዊ ተማሪ ይህን ዘልሎ ማለፍ አይገባውም። ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። እያጕረመረመ ከባዱን ሸክም የተሸከመ ሰው ክብር ይገባዋል፤ ክብሩ ግን የሸክሙ እንጂ የመንገዱ አይደለም። ማጕረምረም ብቻውን ጥያቄ አይሆንም። መሪውም አጕረምራሚውን በቀልድ አስቆ ካሳለፈው፥ ኔማ ያለው እርሱ ይወደሳል፥ የተራበው ግን እንደ ተራበ ይሄዳል።

ይህን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ስሞክር አንድ ነገር አገኘሁ። እኛ ሁለት ግሦች አሉን። አንዱ «አጕረመረመ» ነው። ይህ ለሰማይም፥ ለአንበሳም፥ ለተቈጣ ሰውም ይነገራል። ሁለተኛው «አንጐራጐረ» ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ ስለ እንጀራ በሙሴ ላይ እንዳንጐራጐሩ እናነባለን፤ በዚያ ሥፍራ ቃሉ ቅሬታ ማለት ነው። በየቤታችን ግን እናቶቻችን እየፈተሉ፥ እረኛው ከብቱን እየነዳ ሲያንጐራጕሩ እንሰማለን፤ በዚህ ሥፍራ ቃሉ ዜማ ነው። እንጕርጕሮ ማለት ቅሬታም ዘፈንም ነው። ሰው ሸክሙን ማውረድ በማይችልበት ጊዜ ከአፉ የሚወጣው ድምፅ ነው። ስለዚህ ግሮኛርን «አንጐራጓሪ» ብዬ ብተረጕመው ከፈረንሳይኛው የራቅሁ አይመስለኝም። በፈረንሳይኛ ሥሩ የአሳማ ድምፅ ነው፤ በአማርኛ ግን የሰው ዜማ ነው። በዚህ በኩል ቋንቋችን ለአሮጌው ወታደር ይራራል።

አሁን ወደ ቃል ኪዳኔ እመለሳለሁ። ይህን ቃል ለምን መረጥሁ?

በትምህርት ቤታችን በር ላይ ያሉትን ሽማግሌ ዘበኛ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ፊት ለፊት «አባባ» እንላቸዋለን። ከኋላቸው ግን «ነጐድጓድ» የሚል ስም አውጥተንላቸዋል፤ ምክንያቱም ከጧት እስከ ማታ ያጕረመርማሉ። ስለ ጭቃው፥ ውኃ ስለሚያስገባው ቦት ጫማ፥ ስለ ብርዱ፥ በተለይም ስለ እኛ ያጕረመርማሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን መልአክ አላወጣውም፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ተመራቂዎች ሲሸኙ በተደረገው የተማሪዎች ትርኢት ላይ እኔ እርሳቸውን ሆኜ ተጫወትሁ። አሮጌ ካፖርት ለበስሁ፥ ዱላ ያዝሁ፥ እያነከስሁ አጕረመረምሁ። አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ፤ እኔም ኮራሁ። እጅ ነሥቼ ቀና ስል አባባ ከኋላ በበሩ አጠገብ ቆመው አየኋቸው። አልተቈጡም፤ አልሣቁም። በማግሥቱ በሩን ከፍተው እንደ ወትሮው «ደኅና አደርህ፥ ልጄ» አሉኝ፤ ቀጥለውም ስለ ጭቃው ማጕረምረም ጀመሩ። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በክረምቱ አንድ ሌሊት ኀይለኛ ዝናብ ዘንቦ የቤተ መጻሕፍቱ ጣራ አፈሰሰ። በጧት የመጡት መምህራን መጻሕፍቱ በሙሉ ከመደርደሪያቸው ወርደው በአንድ ደረቅ ክፍል ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው አገኟቸው። ሌሊቱን ሁሉ ብቻቸውን ሲያመላልሱ ያደሩት አባባ ነበሩ። ያዘዛቸውም የረዳቸውም አልነበረም። ጧት ስለ ወገባቸው እያጕረመረሙ ደወሉን ደወሉ። እኛም ይህን ሰምተን እንደ ቀላል ነገር አለፍነው።

ዘንድሮ መምህራችን የአንድ ቃል ታሪክ መርምረን እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ ከቤተ መጻሕፍቱ የፈረንሳይኛውን መዝገበ ቃላት አወጣሁ። ዳርና ዳሩ የዚያን ሌሊት ዝናብ እድፍ ነበረበት። ገጹን ስገልጥ ግሮኛር የሚለውን ቃል አገኘሁ። ትርጓሜውን አንብቤ ስጨርስ ቀና ማለት አፈርሁ።

በዚያኑ ቀን ከትምህርት በኋላ ወደ በሩ ሄጄ «አባባ፥ ወታደር ነበሩ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ነበርሁ አሉኝ። በ1991 ጦሩ ሲበተን ከሰሜን ተነሥተው እስከ አገራቸው በእግራቸው መጡ። እኔ ስለ ጦርነቱ ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸው ግን የነገሩኝ ስለ ጫማቸው ነው። ሶሉ በሦስተኛው ቀን ወልቆ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተጓዙ። ወደ ቤታቸው ሲደርሱ ምን አገኙ ብላቸው ዝም አሉ። እኔም አልደገምሁም። ከዚያ ስለ ትርኢቱ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ፤ «ልጅ ካልሣቀ ማን ይሥቃል? ይልቅ በሩን ዝጋው፥ ብርድ ይገባል።» ይህን ብለው ስለ ብርዱ ማጕረምረም ጀመሩ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉትን ነገር ቆሜ አደመጥሁ። ውኃ ስለሚያስገባው ቦት ጫማ ነበር የሚናገሩት። ለካስ ሁልጊዜ ስለ እርሱ ነበር የሚናገሩት፤ እኛ ድምፁን እንጂ ቃሉን ሰምተን አናውቅም።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፥ ይህን ለመናገር አባባን አስፈቅጃለሁ፤ ስማቸውን ግን እንዳልጠራ ነግረውኛል። የክፍላችን ተማሪዎች ለዚህ በዓል መታሰቢያ ካዋጣነው ገንዘብ ላይ ከፍለን አዲስ ቦት ጫማ ገዝተንላቸዋል። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም፤ ስድስት ዓመት ዘግይተናልና። ጫማው ጠበበኝ ብለው እያጕረመረሙ ነው፤ እንለውጥላቸዋለን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ በር እንወጣለን። ከእኛም መካከል አንዱ ነገ አለቃ፥ ሌላው መምህር፥ ሌላው ሐኪም ይሆን ይሆናል። ያን ጊዜ በበታቻችን የሚያጕረመርም አንድ አሮጌ ሰው መኖሩ አይቀርም። እንደ ናፖሌዎን ቀልደን ብናሳልፈው ሰዎች ይሥቁልናል፤ ምናልባትም ሥዕል ይሣልልን ይሆናል። ነገር ግን ቆመን የሚለውን ብናደምጥ ይሻላል፤ ምናልባት የሚለው ስለ ጫማው ይሆናልና።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፥ በውስጡ የሚያገለግሉትንም ሁሉ ይባርክ።